መሰረዝ፣ መደበቅ ወይስ ማዋሃድ? የኢሜይል አድራሻ መዝገብን ለማጽዳት የቱ መንገድ ይሻላል

ድሬዳዋ ውስጥ ከጅቡቲ ጋር የሚሠራ አንድ የትራንዚት ቢሮ ገብተው አዲስ ኢሜይል ይክፈቱና በተቀባዩ ቦታ ላይ የ«መሐመድ»ን የመጀመሪያ ሦስት የላቲን ፊደላት ይምቱ። ፕሮግራሙ ወዲያው ስም ይደረድራል። አንዱ ጅቡቲ ወደብ ያለው ወኪል ነው፤ ሌላው ታይዋን በሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ያለ የጨርቅ ነጋዴ፤ ሌላው ሥራ ከለቀቀ ዓመታት ያለፉት ሾፌር፤ ሌላው ደግሞ ማን እንደሆነ የቢሮው ሰው በሙሉ የረሳው። የጸሐፊዋ እጅ የለመደው የመጀመሪያውን መምረጥ ስለሆነ ያንኑ መርጣ ወደ ቀጣዩ ሥራ ታልፋለች። ለወኪሉ የታሰበ የጭነት ሰነድ ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ኮምፒውተሩን ይዞ ሲመጣ የሚለው አንድ ነው፦ «ሁሉንም አጥፋልኝ»። እኔ ግን ከማጥፋት አልጀምርም። ትርፍ አድራሻ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የተሰረዘ አድራሻ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የማን እንደሆነ ሳይጣራ የተሰረዘ ደግሞ በሚፈለግበት ቀን አይገኝም። ስለዚህ ከታች ያሉትን መንገዶች የማወዳድረው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ አድራሻውን ማን አስገባው? ነገ የማን እንደነበረ ለማወቅ እፈልግ ይሆን? የማነሳቸው ፕሮግራሞች ደግሞ በከተማችን ቢሮዎች በብዛት የማያቸው ሦስቱ ናቸው፤ ጂሜይል፣ አውትሉክና ተንደርበርድ።

መጀመሪያ ምንጩን መዝጋት

አብዛኛውን ትርፍ አድራሻ ያስገቡት እርስዎ አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ራሱ ነው። አንድ ጊዜ መልስ ከላኩለት ሰውየውን ይመዘግበዋል። ለክፍት የሥራ ቦታ ማመልከቻ ላከ ብለው «ደርሶናል» ያሉት ሰው፣ ዋጋ ጠይቆ የጠፋ ደንበኛ፣ ከእንግዲህ አትላኩልኝ ብለው የመለሱለት የማስታወቂያ ድርጅት፣ ሁሉም ከመዝገቡ ይገባሉ። ይህን ሳይዘጉ መሰረዝ ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው።

ጂሜይል ላይ ይህ የሚዘጋው በኮምፒውተር ነው። ቅንብሮችን ይክፈቱ፣ ሁሉንም ቅንብሮች ይመልከቱ፣ «አጠቃላይ» በሚለው ገጽ ላይ ወደ ታች ይውረዱ። ስለ ዕውቂያዎች ሁለት ምርጫ ያገኛሉ። አንዱ ለአዲስ ሰው በላኩ ቁጥር አድራሻውን «ሌሎች ዕውቂያዎች» ውስጥ ይጨምራል፤ ሌላው ዕውቂያ የሚጨምሩት እርስዎ ራስዎ እንዲሆኑ ያደርጋል። ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ከዚያም እስከ ገጹ መጨረሻ ወርደው ለውጡን ማስቀመጥ አይርሱ። ያለዚያ ምርጫው አይጸናም፤ ብዙ ሰው «ዘግቼው ነበር እኮ» የሚለው ይህችን የመጨረሻ ቁልፍ ሳይጫን ቀርቶ ነው።

ተንደርበርድ ከሁሉም ግልጽ ነው። የሰበሰበውን ከእርስዎ መዝገብ ጋር አይቀላቅልም፤ «የተሰበሰቡ አድራሻዎች» በሚል ለብቻው ያስቀምጣል። የሚዘጋውም ስለ መልዕክት አጻጻፍ ከሚመለከተው የቅንብር ገጽ፣ ስለ አድራሻ በሚናገረው ክፍል ውስጥ አንዲት ምልክት በማንሳት ነው። አውትሉክ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቆየው አውትሉክ ጥቆማዎቹን፣ ማለትም ስም መጻፍ ሲጀምሩ የሚደረድራቸውን አድራሻዎች፣ ከዕውቂያዎች ለይቶ በራሱ ዝርዝር ይይዛል፤ ይህ ዝርዝር እስከ 1000 አድራሻ ይይዛል። መዝጋት የሚቻለው ጥቆማውን በሙሉ ነው፤ «ከዛሬ ወዲያ አዲስ አትመዝግብ፣ የቆየውን ግን ጠቁመኝ» የሚል አማካይ መንገድ የለውም። ለዚህ ነው አውትሉክ ለሚጠቀም ቢሮ ጥቆማውን ዝጉ ብዬ የማልመክረው፤ ሠራተኛው አድራሻ በእጁ ሲጽፍ የሚፈጥረው ስህተት ከጥቆማው ስህተት አያንስም።

የአፕል ኮምፒውተር ያለው ሰው በሜይል ፕሮግራሙ ውስጥ «ቀዳሚ ተቀባዮች» የሚል ዝርዝር ያገኛል፤ ከዚያ መርጦ ማስወገድ ይቻላል።

መሰረዝ፦ መመለሻ ያለውና የሌለው

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ መሰረዝ ትርጉም ይኖረዋል። ሦስቱ ፕሮግራሞች ግን የተሰረዘን ነገር የሚይዙበት መንገድ በጣም ይለያያል፤ ልዩነቱን መጀመሪያ አለማወቅ ዋጋ ያስከፍላል።

በጉግል ዕውቂያዎች ውስጥ የሰረዙት ሰው መጣያ ውስጥ ገብቶ 30 ቀን ይቆያል። ከዚያም በላይ መላውን መዝገብ ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ወደነበረበት ሁኔታ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ብዙ ሰርዞ ለመሞከር ጂሜይል ከሁሉም የተሻለ ነው። አውትሉክ ላይ የሰረዙት ዕውቂያ «የተሰረዙ ንጥሎች» ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩ እስካልተጠረገ ድረስ ከዚያ ይመለሳል። ተንደርበርድ ግን አንድ ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ይጠይቅና ያጠፋዋል። ለአድራሻ የሚሆን መጣያ የለውም። ሰውየው የተካተተባቸው የቡድን መላኪያ ዝርዝሮች ካሉም ስሙ ከእነዚያ አብሮ ይወጣል። ተንደርበርድ የሚጠቀም ሰው መዝገቡን አስቀድሞ ወደ ፋይል ሳያወጣ አንድም ስም መሰረዝ የለበትም እላለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚያደናግረው ዕውቂያና ጥቆማ ሁለት መሆናቸው ነው። አውትሉክ ላይ ሰውየውን ከዕውቂያዎች ሰርዘውት ስሙን መጻፍ ሲጀምሩ አሁንም ብቅ ይላል፤ ምክንያቱም የጥቆማው ዝርዝር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከዚያ የሚወጣው ስሙ በጥቆማው ላይ ሲመጣ ከጎኑ ያለችውን የኤክስ ምልክት በመጫን ነው። በተቃራኒውም እንዲሁ ነው፤ በኤክሷ ያስወገዱት ሰው ከዕውቂያ መዝገብዎ አልጠፋም። ተንደርበርድ ግን ጥቆማውን የሚያመጣው ከአድራሻ መዝገቦቹ ስለሆነ ከመዝገብ የወጣ ሰው ከጥቆማም ይወጣል። ከዚህ አንጻር ሥራው ቀላል የሚሆነው በተንደርበርድ ነው፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው።

የማይላክላቸው፣ ግን የማይሰረዙ

ነጋዴ የቆየ አድራሻ ለመሰረዝ ሲያመነታ ትክክል ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ዕቃ ያስመጡለት ሰው ዛሬ ባይደውልም፣ ሒሳብ መርማሪ ስለዚያ ሰነድ ሲጠይቅ «ይህ አድራሻ የማን ነበር?» የሚለውን የሚመልሰው ያ መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሐረር ጀጎል ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰውም ሌላ ዓይነት ችግር አለበት፤ አንድ ሌሊት አድሮ የሄደ እንግዳ ሁሉ መዝገቡን ይሞላል፣ ግን ከመካከላቸው አንዱ በሚቀጥለው ዓመት ጓደኞቹን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ የሚመረጠው መደበቅ ነው፤ ሆኖም «መደበቅ» በየፕሮግራሙ የሚሠራው ሥራ የተለያየ ነው። ጉግል «ከዕውቂያዎች ደብቅ» የሚል ምርጫ አለው። ስሙ ከዋናው ዝርዝር ይወጣል፣ ኢሜይል ሲጽፉ ግን አሁንም ሊጠቆም ይችላል። ለእንግዳ ማረፊያው ይህ ልክ የሚፈለገው ነው፤ ዝርዝሩ ይጸዳል፣ እንግዳው ሲመለስም አድራሻው አለ። ለትራንዚት ቢሮው ግን አይረዳም፤ የእሱ ችግር ዝርዝሩ መርዘሙ ሳይሆን ጥቆማው ነው። ተንደርበርድ ላይ ደግሞ «የቆዩ» የሚል አዲስ መዝገብ ከፍቶ ስሞችን ማዛወር ለዓይን ያማረ ቢሆንም፣ ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ ካሉ መዝገቦች ሁሉ ስለሚጠቁም ስሙ እንደገና ይመጣል። በእሱ ላይ ትክክለኛው መንገድ የቆዩትን ወደ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥና ከዚያ መሰረዝ ነው። አውትሉክ ላይ የተለየ የዕውቂያ ማኅደር መክፈት ይቻላል፤ ከጥቆማው ግን እንደተባለው በኤክሷ ለብቻ መውጣት አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ለቢሮ የምመርጠው አንድ ቀላል ዘዴ አለ፤ ስሙን መቀየር። ሥራ የለቀቀውን ሰው የስም ቦታ ላይ «አይላክ» ብሎ ማስቀደም፣ ከኋላው ስሙንና የለቀቀበትን ዓመት መጻፍ። ጥቆማው ቢመጣ እንኳ ጸሐፊዋ የምታየው በመጀመሪያ «አይላክ» የሚለውን ነው። ለመሥራት ጊዜ ይወስዳል፣ አያምርምም፤ ነገር ግን በየትኛውም ፕሮግራም ይሠራል፣ አዲስ ለሚቀጠር ሰው ማብራሪያም አያስፈልገውም። አውትሉክ የቆየውን ስም በጥቆማው ውስጥ ይዞ ሊቀር ስለሚችል ከቀየሩ በኋላ አሮጌውን ጥቆማ ማስወገድ ይገባል።

ማዋሃድ በእኛ ስሞች ላይ

የማዋሃጃ መሣሪያ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ስም ነው። ጉግል ተመሳሳይ የመሰሉትን ሰዎች ለይቶ «ይዋሃዱ» ብሎ ይጠቁማል፤ ስማቸው ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ሰው አድርጎ ሊያስባቸው ይችላል። እኛ ዘንድ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለም፤ የራስ ስምና የአባት ስም ነው ያለው። መጋላ ውስጥ «አህመድ መሐመድ» ብሎ ቢጣራ ስንት ሰው ዞር እንደሚል ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግም። «ሁሉንም አዋህድ» የሚለውን ቁልፍ በአንድ ጊዜ የሚጫን ሰው አንድ የሲሚንቶ አከፋፋይንና አንድ መምህርን አንድ ሰው ያደርጋቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ስልክ የማን እንደሆነ ለመለየት ሁለቱንም መደወል ነው። አንድ በአንድ እያዩ ይቀበሉ። ለተመሳሳይ ስሞች የአያት ስም ወይም የሥራ ቦታ ይጨምሩ፤ ስልክ ላይ «አህመድ ባጃጅ»፣ «አህመድ ሳቢያን» እያልን የምንመዘግበው ልማድ ለኢሜይልም ይሠራል።

በሌላ በኩል መዋሃድ ያለባቸውን መሣሪያው አያያቸውም። አብዱልቃድር የሚባል ሰው እዚህ በላቲን ስሙን ሲጽፍ በዩ ይጽፈዋል፤ ጅቡቲ ያለው ቅርንጫፉ ግን እንደ ፈረንሳይኛው በኦ እና ዩ ይጽፈዋል። ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው። በፊደላችንም ቢሆን «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለማሽኑ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስልክ ቁጥርም እንዲሁ፤ ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው ድሬዳዋ ስለነበር 07 ቀድሞ የገባው ወደ እኛ ነው፤ ብዙ ሰው አንዱን ዘመድ በ09 እና በ07 ሁለት ጊዜ መዝግቦታል። እነዚህን የሚያገኛቸው የሰው ዓይን ብቻ ነው። አድራሻው ከአንድ ሺህ የማይበልጥ ቢሮ ዝርዝሩን በፊደል ተራ አውጥቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሰው ይችላል።

በአንድ ፊደል የሚለየው

እስካሁን ያነሳኋቸው ትርፍ አድራሻዎች ያሰለቻሉ እንጂ አያከስሩም። የሚያከስረው ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሆናል። ከውጭ አቅራቢ ጋር የሚጻጻፍ ነጋዴ አንድ ቀን ከአቅራቢው የመጣ የመሰለ ኢሜይል ይደርሰዋል። ስሙ ያው ነው፣ የድርጅቱ አርማ ያው ነው፣ ከዚህ በፊት የተጻጻፉትም ከሥር አለ። አድራሻውን ፊደል በፊደል ካዩት ግን በኤል ፊደል ቦታ የ1 ቁጥር ገብቷል፣ ወይም አርና ኤን ተጠጋግተው ኤም መስለዋል። መልዕክቱ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል፣ ክፍያውን በዚህ ላኩ» ይላል። ነጋዴው ገንዘቡን ባይልክ እንኳ «ለምን ተቀየረ?» ብሎ መልስ ይሰጣል። በዚያች መልስ የሌባው አድራሻ መዝገብ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ወር ጸሐፊው የአቅራቢውን ስም መጻፍ ሲጀምር ሁለት ተመሳሳይ ስሞች አንዱ ከሌላው በላይ ይመጣሉ፤ የመረጠው የትኛውን እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ፕሮግራሞቹ በመዝገብ ያለን ሰው ማመናቸው ነው። ተንደርበርድ ላይ ላኪው ከተመረጡት የአድራሻ መዝገቦች በአንዱ ካለ መልዕክቱ እንደ አይፈለጌ መልዕክት እንዳይቆጠር የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ የተሰበሰቡ አድራሻዎችም ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። አውትሉክም ከዕውቂያዎቼ የሚመጣውን እመን፣ የላክሁላቸውን ሰዎች ከታማኝ ላኪዎች ዝርዝር ጨምር የሚሉ ምርጫዎች አሉት። ማለትም ለሌባው አንዴ መልስ የሰጠ ቢሮ በሩን ራሱ ከፍቶለት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ምልክቶች ማየትና የተሰበሰቡ አድራሻዎችን ከታመኑት ማውጣት ከየትኛውም ስረዛ ይቀድማል።

ለዚህ ዓይነቱ አድራሻ መደበቅም ሆነ «አይላክ» ማለት አይበቃም። ከዕውቂያ፣ ከጥቆማ፣ ከታማኝ ላኪዎች ዝርዝር፣ ከሦስቱም ይውጣ። ኢሜይሉን ራሱን ግን አያጥፉት፤ ለባንክም ለፖሊስም የሚቀርበው እሱ ነው። ለእውነተኛው አቅራቢ ደግሞ ከድሮ በሚያውቁት ስልክ ይደውሉ፤ በመጣው ኢሜይል ሥር በተጻፈው ቁጥር አይደለም።

የቆዩ የያሁ አድራሻዎች

በከተማችን የኢንተርኔት ካፌ ዘመን ኢሜይል ማለት ለብዙ ሰው ያሁ ነበር፤ የነዚያ ዓመታት አድራሻዎች በብዙ መዝገቦች ውስጥ ዛሬም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 ያሁ ቢያንስ ለ12 ወራት ያልተከፈቱ ስሞችን ለሌሎች ፈላጊዎች ለቅቆ ነበር፤ አንዳንድ አዲስ ባለቤቶችም ለቀድሞው ሰው የተላኩ መልዕክቶች ደርሰዋቸዋል። ስለዚህ ዓመታት ያልተጻጻፉበት የያሁ አድራሻ ዛሬ የዘመድዎ ሳይሆን የማያውቁት ሰው ሊሆን ይችላል። መልዕክቱ ተመልሶ ስላልመጣ ደረሰ ማለት አይደለም። ስሙንና ስልኩን ይተዉ፣ የኢሜይል መስመሩን ብቻ ያጥፉ። ጉግል በበኩሉ ከታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለት ዓመት ያልተነኩ የግል አካውንቶችን መሰረዝ ስለጀመረ የቆየ የጂሜይል አድራሻም ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ጉግል የተሰረዘን ስም ለሌላ ሰው ስለማይሰጥ አደጋው ያነሰ ነው።

ማገድ፣ ወይም ሁሉንም ባዶ ማድረግ

ማገድ ከመሰረዝ ጋር ይምታታል። ጂሜይል ላይ ሰው ሲያግዱ የሚሆነው ቀጣይ መልዕክቶቹ ወደ አይፈለጌ መልዕክት መሄዳቸው ነው፤ ከመዝገብዎ አልወጣም። በየቀኑ የሚያሰለች አንድ የታወቀ ላኪ ካለ ያግዱት፤ በየጊዜው አድራሻ ለሚለዋውጥ አጭበርባሪ ግን ማገድ ከንቱ ድካም ነው።

አውትሉክ ውስጥ በፋይል፣ በአማራጮች፣ ከዚያም ስለ ሜይል በሚናገረው ገጽ ላይ የጥቆማውን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ባዶ የሚያደርግ ቁልፍ አለ። የምመክረው አንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ነው፦ ሠራተኛ ለቅቆ ሌላ ሰው በዚያው ኮምፒውተር ሲተካ። አዲሱ ሰው የቀድሞውን ልማድ ከሚወርስ ለአንድ ሁለት ሳምንት አድራሻ እየፈለገ ቢቸገር ይሻላል። በሌላ ጊዜ ግን ይህን ቁልፍ መጫን በአንድ መጥፎ ስም ምክንያት ብዙ ትክክለኛ ስሞችን ማጣት ነው።

ስልኩን አይርሱ

ኮምፒውተር ላይ በጉግል ዕውቂያዎች ውስጥ የሚደረገው ሁሉ በጉግል አካውንት ከተገናኘው አንድሮይድ ስልክ ጋር ይመሳሰላል፤ ስልክ ላይ የሚደረገውም ወደ ኮምፒውተሩ ይመጣል። «ስልኬ በማላውቃቸው ሰዎች ተሞላ» ብሎ ከስልኩ መሰረዝ የጀመረ ሥራ አስኪያጅ የቢሮውን መዝገብ እየሰረዘ ሊሆን ይችላል። ፍላጎቱ ስልክ ቁጥር ያላቸውን ብቻ ለማየት ከሆነ ብዙ ስልኮች የሚታዩትን ዕውቂያዎች የሚመርጥ ቅንብር አላቸው፤ ምንም ሳይሰረዝ ኢሜይል ብቻ ያላቸው ከዓይን ይርቃሉ።

ስልክ ሊሸጥ ወይም ለልጅ ሊሰጥ ሲልም ስሞችን አንድ በአንድ መሰረዝ አያስፈልግም፤ እንዲያውም አይገባም። አካውንቱን ከስልኩ ያስወግዱ፣ ከዚያ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመልሱ። ከዚያ በፊት ግን የስልኩን የዕውቂያ ዝርዝር ከፍተው በስልኩ ማኅደር ላይ ወይም በሲም ካርዱ ላይ ብቻ የተቀመጡ ስሞች መኖር አለመኖራቸውን ይዩ፤ እነዚያ ከአካውንቱ ጋር ስላልተመሳሰሉ አስቀድመው ቪካርድ ወደሚባለው የዕውቂያዎች ፋይል መውጣት አለባቸው።